ዝግ ያለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዓይነቶችን ስለ መለየት

ሙዚቃ ሰምቶ መደሰት ለማንም ሰው የተሰጠ ነው፤ የሰሙት ሙዚቃ ከየት እንደ መጣ ማወቅና በስሙ መጥራት ግን ጥናት ይጠይቃል። ለእንግዳ ጆሮ ትዝታና ባቲ አንድ ይመስሉታል፤ ቅኝት ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ግን ክራሩ ገና ሲቃኝ ልዩነቱ ግልጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይም ይህን የመሰለ ነው፤ ይኸውም በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሠሩትና አካሄዳቸው ዝግ ያለው የሙዚቃ ዓይነቶች እርስ በርሳቸው በምን በምን እንደሚለያዩ ነው።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣን በመካከላችን የተነሣ ክርክር ነው። ለማዳመጫ የሚሆኑ ሸክላዎችንና ቴፖችን በዝርዝር ስንጽፍ፥ ከእኛ አንዳንዶቹ ዝግ ያለውን ሁሉ ሰብስበው «የዕረፍት ሙዚቃ» በሚል አንድ ርእስ ሥር አኖሩት። በመጀመሪያ ነገሩ ጉዳት የሌለው መስሎን ነበር። ኋላ ግን ዝርዝሩን ስንመለከተው፥ ካይሮ ላይ ከዛር ሥርዐት የተቀረጸ ድምፅ፥ ለአውሮፕላን ማረፊያ ተብሎ የተሠራ ሙዚቃ፥ የጃማይካ ቴክኒሻኖች የፈለሰፉት ጥበብና በብሪስቶል ከተማ የተወለደ ዘፈን በአንድ ስም ተጠርተው አገኘናቸው። ይህ ዝርዝር ማን ምን እንደ ፈጠረ የሚናገር መሆኑ ቀርቶ የሚሸፍን ሆነ። ስምን ማሳሳት ታሪክን ማሳሳት መሆኑን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ፍጥነት ብቻውን የማይበቃ ስለ መሆኑ

ብዙ ሰው እነዚህን ዓይነቶች ለመለየት ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህል ዝግ ይላል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ግን ሩቅ አያደርስም። ትሪፕ ሆፕ የሚባለው ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ80 እስከ 100 ምት ድረስ ይመታል። የበርሊኑ ደብ ቴክኖ ግን ወደ 120 ምት የሚጠጋ ሆኖ ሳለ ለሚሰማው ሰው ዝግ ያለና ረጋ ያለ ይመስለዋል። አምቢየንት ከሚባለው ውስጥ ደግሞ ብዙው የሚቈጠር ምት ጭራሽ የለውም።

ከዚህ የምንረዳው ዝግታ ከምቱ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ምቱ ፈጣን ሆኖ በላዩ ያለው ድምፅ ለብዙ ደቂቃ ሳይለወጥ የቆየ እንደ ሆነ ጆሮ የሚከተለው ለውጡን እንጂ ምቱን አይደለም። ስለዚህ ዝግታ የምንለው ነገር የምት መዘግየት ወይም የለውጥ መዘግየት ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዚህ ምክንያት ፍጥነትን ወደ ጎን ትተን ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን መርጠናል። አንደኛው፥ በሙዚቃው ውስጥ ጊዜን የሚቈጥረው ምንድን ነው? ሁለተኛው፥ ሙዚቃው የተሠራው የት ሆኖ እንዲሰማ ነው? ሦስተኛው፥ የዘር ሐረጉ ከየት ይመዘዛል? ከዚህ በታች የምናቀርበው ታሪክ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እየተከተለ የሚሄድ ነው።

ለ. ስም ከመውጣቱ በፊት

የዚህን ሙዚቃ ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ከፓሪስ ይጀምራሉ። በእርግጥም ፒየር ሼፈር የተባለው ፈረንሳዊ የሬዲዮ ሰው በ1948 የባቡርንና የሌሎችን ነገሮች ድምፅ በሸክላ ቀርጾ፥ ቈራርጦና ደጋግሞ ያቀናበራቸውን ሥራዎች በሬዲዮ አሰምቷል። ነገር ግን ከእርሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1944፥ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ወጣት ግብፃዊ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መኪና ይዞ ካይሮ ውስጥ ሴቶች የሚያደርጉትን የዛር ሥርዐት ቀርጾ ነበር። የቀረጸውንም ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ወስዶ፥ ከሴቶቹ ድምፅ ወፍራሙንና መሠረቱን እየቀነሰ፥ በላዩ የሚቀረውን ቀጭን ድምፅ ብቻ እያስቀረ፥ በገደል ማሚቶም እያስረዘመ እንደ ገና ቀረጸው። የተገኘው ነገር ዘፈንም ሥርዐትም ያልሆነ፥ ከሩቅ እንደሚመጣ ነፋስ ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ ድምፅ ነው።

ዛር ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐሊም ኤል ዳብም ለአገራችን እንግዳ ሆኖ አልቀረም፤ ኋላ በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963ም መሰንቆን፥ ክራርን፥ ዋሽንትን፥ በገናን የመሰሉ የአገር መሣሪያዎች በአንድነት የሚጫወቱበትን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሟል። ያረፈው በ2017 በአሜሪካ አገር ነው። እንግዲህ የዚህን ሙዚቃ ታሪክ ከፓሪስ ብቻ የሚጀምር ሰው እርሱን ሳያውቀው እንደሚዘለው ልብ ማለት ይገባል።

ይሁን እንጂ የኤል ዳብን ሥራ «አምቢየንት ነው» ብለን ብንጽፍ ሌላ ስሕተት እንሠራለን። እርሱ የፈለገው በሥርዐቱ ውስጥ የተሰወረውን ኃይል አውጥቶ ለማሳየት እንጂ ክፍልን በድምፅ ለመሙላት አልነበረም። አንድ ሥራ ከሌላው ስለ ቀደመ ብቻ አባቱ ነው ማለት አይቻልም።

ሐ. ድሮንና አምቢየንት

ከሁሉ ይልቅ የሚምታቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ምት የላቸውምና።

ድሮን ማለት ሳይቋረጥ የሚቆይ ድምፅ ነው። አሜሪካዊው ላ ሞንቴ ያንግ በ1958 ለሦስት ባለ አውታር መሣሪያዎች በጻፈው ሥራ አንዱ ድምፅ ለብዙ ደቂቃ ይቆያል፤ በኋለኛው ዘመኑም ይህንኑ ሐሳብ በኤሌክትሪክ ድምፅ አመንጪዎች ገፋበት። በ1932 የተወለደችው ፈረንሳዊት ኤሊያን ራዲግ ደግሞ በሼፈር ዘንድ ከሠራች በኋላ፥ ኤ አር ፒ 2500 በተባለው ሲንተሳይዘር እጅግ ረጃጅም ሥራዎችን ሠርታለች። ከ1988 እስከ 1993 ድረስ የደከመችበት ስለ ሞት የሚናገረው ባለ ሦስት ክፍል ሥራዋ ወደ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ለውጥ አለ፤ ለውጡን ለመስማት ግን ቁጭ ብሎ በትኩረት ማዳመጥ ያስፈልጋል። ድሮን አድማጩን ወደ ድምፁ ውስጥ ይጠራዋል።

አምቢየንት ግን ከዚህ በተቃራኒው ተነሣ። በ1975 መጀመሪያ እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ በመኪና ተገጭቶ በቤቱ ተኝቶ ሳለ፥ ጠያቂ የሆነች ወዳጁ የበገና ዓይነት መሣሪያ የሚሰማበት የ18ኛው መቶ ዓመት ሙዚቃ ሸክላ ታመጣለታለች። እርስዋ ከሄደች በኋላ ሸክላውን እንደ ምንም አኑሮ ተመልሶ ሲተኛ፥ ድምፁ እጅግ ዝቅ ተደርጎ መከፈቱን፥ ከሁለቱ የድምፅ ማውጫዎችም አንዱ አለመሥራቱን ያስተውላል። ተነሥቶ ለማስተካከል አቅም ስላልነበረው ሙዚቃውን ከውጭ ከሚዘንበው ዝናብ ጋር እንደ ተደባለቀ ሰማው። ሙዚቃ እንደ ብርሃንና እንደ ዝናብ የአካባቢው አንድ ክፍል ሊሆን እንደሚችል የገባው ከዚህ እንደ ሆነ ራሱ ጽፏል። በዚያው ዓመት «ዲስክሪት ሚውዚክ» የተባለውን፥ በ1978 ደግሞ ለአውሮፕላን ማረፊያ የታሰበውን ሥራውን አወጣ፤ «አምቢየንት» የሚለውም ስም የተተከለው በዚህ በሁለተኛው ነው።

አሠራሩም ሊታወቅ የሚገባው ነው። በዚህ ሥራ በአንዱ ክፍል የሰው ድምፅ የተቀረጸባቸው ቴፖች ጫፍና ጫፋቸው ተጋጥሞ እንደ ቀለበት ይዞራሉ። ርዝመታቸው ግን እኩል አይደለም፤ አንዱ በ23 ሰኮንድ ተኩል፥ ሌላው በ26 ሰኮንድ ግድም፥ ሌላው በ30 ሰኮንድ ግድም ይመለሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ድምፅ ራሱን እየደገመ ሳለ በጠቅላላው ግን አንዱ አጋጣሚ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ጊዜን የሚቈጥረው ከበሮ ሳይሆን የቀለበቶቹ አለመገጣጠም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሙዛክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1934 ጀምሮ ለሆቴሎች፥ ለፋብሪካዎችና ለመደብሮች ለስላሳ ሙዚቃ ይሸጥ ነበር። ኢኖ በ1978 ሸክላው ላይ ባወጣው ጽሑፍ የእርሱ ሥራ ከዚህ የተለየ መሆኑን ተከራክሯል፤ የንግዱ ሙዚቃ የቦታውን ጠባይ ሲሸፍን የእርሱ ግን የቦታውን ጠባይ እንዲያጐላ የታሰበ ነውና።

መ. የበርሊን ትምህርት ቤትና ኒው ኤጅ

በ1967 በምዕራብ በርሊን የተመሠረተው ታንጀሪን ድሪም በ1974 «ፌድራ» የተባለውን ሸክላ አወጣ። በዚህ ሥራ ሞግ የተባለው ሲንተሳይዘር የተሰጠውን የድምፅ ተርታ ራሱ እየደጋገመ ይጫወታል፤ ተጫዋቾቹም ተርታውን ቀስ በቀስ ይለዋውጡታል። ከጓደኞቹ አንዱ የነበረው ክላውስ ሹልትሰም በዚሁ መንገድ ሄደ። ይህ ሙዚቃ ከአምቢየንት የሚለየው ጉዞ ስላለው ነው፤ የሚደጋገመው የድምፅ ተርታ እንደ ፈረስ ኮቴ ወደ ፊት ይገፋል፤ አድማጩም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላ የደረሰ ይመስለዋል። አምቢየንት ግን የትም አይሄድም።

ኒው ኤጅ የሚባለው ደግሞ ለጆሮ ከአምቢየንት ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው ስቲቨን ሃልፐርን በ1975 ያወጣው ሥራ አካልንና መንፈስን ለማሳረፍና ለመፈወስ የታሰበ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች፥ የኢኖና የሃልፐርን፥ በአንድ ዓመት ወጡ፤ አንዱ ስለ ክፍሉ፥ ሁለተኛው ግን ስለ አድማጩ ጤና ያስባል። በአሜሪካ የግራሚ ሽልማት በ1987 ለኒው ኤጅ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጠው፤ ከ2023 ሽልማት ጀምሮ ግን የክፍሉ ስም ኒው ኤጅን፥ አምቢየንትንና ዝማሬን በአንድነት እንዲጠራ ተደረገ። እኛ በዝርዝራችን የሠራነው መደባለቅ በትልልቆቹም ዘንድ የሚሠራ ነው ማለት ነው።

ሠ. ከኪንግስተን ወደ ብሪስቶልና ወደ በርሊን

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ከበሮን የሸሹ ናቸው። አሁን የምንደርስበት ቅርንጫፍ ግን ከበሮና ቤዝ መሠረቱ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ኪንግ ታቢ በሚል ስም የታወቀው ኦስቦርን ራዶክ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነበር። እርሱና እንደ ሊ ፔሪ ያሉት ባልደረቦቹ ተሠርቶ ያለቀ ዘፈን ይወስዱና ዘፋኙን ያወጡታል፤ ከበሮውንና ቤዙን ብቻ ያስቀራሉ፤ ከዚያም አልፎ አልፎ የጊታር ወይም የድምፅ ቍራጭ እየመለሱ በገደል ማሚቶ መሣሪያ ውስጥ እንዲጠፋ ያደርጉታል። ይህ ጥበብ ደብ ይባላል። ድምፅን በመቀነስ ሙዚቃ መፍጠር፥ የመቅረጫ ክፍሉንም ራሱን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ መጫወት በዚህ ዘመን ተራ ነገር ሆኗል፤ ለዚህ ደግሞ ከኪንግስተን የበለጠ ያስተማረ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ኪንግ ታቢ በ1989 በደጁ ላይ ተገደለ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከካሪቢያን ደሴቶች ወደ እንግሊዝ የፈለሱ ሰዎች ይህን ባህል፥ ትልልቆቹንም የድምፅ ማውጫዎች ይዘው ገብተዋል። በብሪስቶል ከተማ በ1980ዎቹ «ዋይልድ በንች» የተባለ ቡድን ሬጌን፥ ሶልንና የኒው ዮርኩን ሂፕ ሆፕ እያደባለቀ ያጫውት ነበር። ከዚህ ቡድን የወጡት ማሲቭ አታክ በ1991 «ብሉ ላይንስ»ን፥ ከዚሁ አካባቢ የተነሡት ፖርቲስሄድ በ1994 «ደሚ»ን፥ ትሪኪ በ1995 «ማክሲንኬይ»ን አወጡ። ምታቸው ሂፕ ሆፕ ነው፤ ዝግታቸውና ጥልቅ ቤዛቸው የደብ ነው፤ በላዩም ሐዘን ያለበት የሰው ድምፅ ይዘፍናል።

የስሙ ነገር ግን የሚያስገርም ነው። «ትሪፕ ሆፕ» የሚለው ቃል በ1994 ሚክስማግ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ሲታተም የተነገረው ስለ ብሪስቶል ሰዎች ሳይሆን፥ ዲጄ ሻዶው ስለ ተባለው የካሊፎርኒያ ሰው ሥራ ነበር። ኋላ ለብሪስቶሎቹ ተለጠፈባቸው፤ እነርሱም ስሙን አልወደዱትም። ያልወደዱት በከንቱ አይደለም፤ ይህ ስም የጃማይካን ዘር ከመካከሉ አውጥቶ አዲስ የወጣ የገበያ ዕቃ አስመስሎታልና።

ሌላው ቅርንጫፍ ወደ በርሊን ሄደ። ሞሪትዝ ፎን ኦስዋልድና ማርክ ኤርኔስተስ ከ1993 ጀምሮ ቤዚክ ቻነል በሚል ስም ባወጧቸው ሸክላዎች የዲትሮይትን ቴክኖ ከኪንግስተን ገደል ማሚቶ ጋር አጋቡት። ምቱ ለዳንስ የሚበቃ ነው፤ ነገር ግን በላዩ ያለው ድምፅ እንደ ጭጋግ ቀስ እያለ ስለሚለወጥ ዝግ ያለ ይመስላል። ደብ ቴክኖን ከትሪፕ ሆፕ ለመለየት የሚፈልግ ሰው ምቱን ያዳምጥ፤ የቴክኖው ምት እኩል እኩል እየሆነ ሳይሰበር ይሄዳል፤ የሂፕ ሆፑ ግን ይሰበራል፥ ያነክሳልም።

ረ. ቺል አውትና ዳውንቴምፖ

በ1989 ለንደን ውስጥ ሄቨን በተባለው የዳንስ ቤት፥ በትልቁ አዳራሽ ሲጨፍሩ የደከሙ ሰዎች የሚያርፉበት ትንሽ ክፍል ተከፍቶ ነበር። በዚያ ክፍል አሌክስ ፓተርሰንና ጂሚ ኮውቲ የኢኖን ሸክላዎች፥ የወፍ ድምፅን፥ የሬዲዮ ንግግርንና ሌላውንም እያደባለቁ ያሰሙ ነበር። ሁለቱ ዲ ኦርብ በተባለው ቡድን ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር፤ ኮውቲም ከቢል ድራመንድ ጋር ሆኖ ኬ ኤል ኤፍ በሚል ስም በ1990 «ቺል አውት» የተባለውን ሸክላ አወጣ። እንግዲህ ቺል አውት በመጀመሪያ የአንድ ክፍል ስም፥ ከዳንስ በኋላ የሚመጣ የሰዓት ስም እንጂ የሙዚቃ ዓይነት ስም አልነበረም። በዚያ ክፍል የሚሰማው ሁሉ፥ አምቢየንትም ሆነ ደብ፥ ቺል አውት ሊባል ይችል ነበር።

በስፔን ደሴት በኢቢዛም እንዲሁ ካፌ ደል ማር በተባለው ቡና ቤት ሆሴ ፓዲያ ፀሓይ ስትጠልቅ የሚያሰማቸው ሙዚቃዎች ከ1994 ጀምሮ ተሰብስበው ይሸጡ ጀመር። ከዚህ በኋላ ዳውንቴምፖ የሚለው ስም ምቱ ዝግ ላለ ሙዚቃ ሁሉ ሰፊ ጃንጥላ ሆነ። ትሪፕ ሆፕ በዚህ ጃንጥላ ሥር ሊገባ ይችላል፤ ምት የሌለው አምቢየንት ግን አይገባም፤ «ቴምፖ» የሚለው ቃል ራሱ ምትን ይጠይቃልና።

ሰ. መለኪያችን የሚፈተንባቸው ሥራዎች

ማንኛውም መለኪያ የሚታወቀው ችግር ሲገጥመው ነው። ኤፌክስ ትዊን የተባለው የኮርንዎል ሰው በ1992 «ሰሌክትድ አምቢየንት ወርክስ 85–92» የተባለውን፥ በ1994 ደግሞ ሁለተኛውን አወጣ። ስማቸው አንድ ነው፤ ሠሪያቸውም አንድ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ውስጥ አብዛኛው ሙዚቃ ግልጥ የሆነ የዳንስ ምት አለው፤ በሁለተኛው ግን አብዛኛው የለውም። በእኛ መለኪያ የመጀመሪያው ከቴክኖ ዘር፥ ሁለተኛው ከኢኖ ወገን ይጻፋል። ሸክላው ላይ ያለው ስም ለብቻው ማስረጃ አለመሆኑን ይህ ያስተምረናል።

ሁለተኛው ፈተና ለእኛ ቅርብ ነው። የዋልያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ተቀምጦ አኮርዲዮን፥ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፥ ሞግ ሲንተሳይዘርንና ከበሮ የሚመታ መኪናን ብቻውን እየተጫወተ «ሸሞንሟናዬ» የሚገኝበትን ካሴት ቀረጸ። ካሴቱ በ2013 በውጭ አገር በሸክላ እንደ ገና ሲታተም ብዙ አዲስ አድማጭ አገኘ። መሣሪያዎቹን ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ሥራ ከበርሊኖቹ ወይም ከዳውንቴምፖ ጋር ሊያኖረው ይችላል። ሦስቱን ጥያቄዎች ስንጠይቅ ግን መልሱ ሌላ ይሆናል። ጊዜን የሚቈጥረው የአገር ዜማ ምት ነው፤ የዘር ሐረጉም ሕዝብ በሚያውቃቸው ዘፈኖችና ቅኝቶች፥ በቀድሞውም የአኮርዲዮን ትዝታ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ መጻፍ ይገባዋል እንላለን።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ውጤት በአጭሩ ይህ ነው። ድሮን በጸና ድምፅ ውስጥ አድማጩን ያስገባል፤ አምቢየንት ቦታን ይሞላል፤ ኒው ኤጅ አድማጩን ለማሳረፍ ይሞክራል፤ የበርሊን ትምህርት ቤት በሚደጋገም ተርታ ይጓዛል፤ ደብና ልጆቹ ትሪፕ ሆፕና ደብ ቴክኖ በከበሮና በቤዝ ላይ ይቆማሉ፤ ቺል አውት የቦታና የሰዓት ስም ነው፤ ዳውንቴምፖም ሰፊ የወል ስም ነው። በመካከላቸው ያለው ወሰን እንደ ግንብ የማይነቃነቅ አይደለም፤ ዲ ኦርብ አምቢየንትን ከደብ ጋር እንዳደባለቀ ሁሉ ሠሪዎቹ ወሰኑን ዘወትር ይሻገሩታል። ይሁን እንጂ ወንዞች ይገናኛሉ ተብሎ ምንጫቸው አይረሳም።

በዚህ በእኛ ዘመን ሙዚቃ በኢንተርኔት ሲሰራጭ «ለእንቅልፍ»፥ «ለጥናት»፥ «ለዕረፍት» በሚሉ ርእሶች ተሰብስቦ መቅረቡ ተለምዷል። አድማጭ በዚህ ቢጠቀም አንነቅፈውም፤ እኛም ስናጠና እንሰማዋለን። ተማሪ ግን አድማጭ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። የካይሮው ወጣትና የኪንግስተኑ ጠጋኝ ሥራቸው «ለዕረፍት» በሚል ርእስ ሥር ያለ ስም ከቀረ፥ የሚጐዱት እነርሱ ብቻ ሳይሆኑ ታሪክን እናውቃለን የምንለው ሁላችንም ነን።

ስለዚህ በዝርዝራችን ላይ አንድ ለውጥ አድርገናል። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ የዓይነቱን ስም ከመጻፋችን በፊት ዓመቱን፥ ከተማውን፥ የሠሪውን ስምና ሥራው የት እንዲሰማ እንደ ታሰበ እንጽፋለን፤ የዓይነቱ ስም ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ የሚያከራክር ከሆነም ክርክሩ ይጻፋል። ሥራው ረጅም ነው፤ እስካሁንም አልጨረስነውም። በዚህ ጽሑፍ ስሕተት የሚያገኙብን መምህራንና ጓደኞቻችን ቢያርሙን እርማታቸውን በደስታ እንቀበላለን።